ይፋትና ጥሙጋ፦ «ና» ወሰን የሆነችበት ታሪክ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር «ይፋትና ጥሙጋ» የሚባል አውራጃ ነበር። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ብዙ ስም ቀይሯል፤ ይህን ግን አልነካውም። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራም አውራጃው በዚሁ ስሙ ተቆጥሯል። ዛሬ ይህንን ስም በካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል። ይፋት የሚባለው ቆላ ሸዋ ሮቢትንና ቀወትን ይዞ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ቀርቷል። ጥሙጋ ደግሞ «ጅሌ ጥሙጋ» ተብሎ፣ ሰንበቴን ከተማው አድርጎ፣ በዚያው በአማራ ክልል ውስጥ ወዳለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞሯል፤ ብዙ ሰው «ኦሮሞ ልዩ ዞን» የሚለው ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች ታያይዝ የነበረችው «ና» የዞን ወሰን ሆነች።

ይህ ወሰን ባለፉት ዓመታት የስንት ሰው ሕይወት እንደቀጠፈ ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ብዙ ያልተነገረው ወሰኑ እንዴት እንደመጣ፣ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ማን ይጠብቀው እንደነበርና ጠባቂው ሲዳከም ለምን የጦር ግንባር እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ መልክዓ ምድሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ተሳፋሪ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ያልፍና ደብረ ሲናን ትቶ ቁልቁል ይወርዳል። ብርዱ ይቀራል፤ ጃኬት ይወልቃል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ነው። ቀጥሎ ጀውሃ፤ ሰሜን ሸዋ ነው። ቀጥሎ ሰንበቴ፤ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር። ከዚያ አጣዬና ካራ ቆሬ፤ ተመልሶ ሰሜን ሸዋ። ከዚያ ከሚሴ፤ እንደገና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር። በምሥራቅ በኩል ቆላው ወደ አፋር ክልል ይወርዳል። ገደሉን ተደግፎ ደግሞ የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። በአንድ ጠዋት የአውቶቡስ ጉዞ ውስጥ ሾፌሩ ማርሽ ከሚቀይረው ባልተናነሰ አስተዳደር ይቀያየራል። ተሳፋሪው ግን ይህን የሚያውቀው መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው።

የቦታ ስሞቹም ብዙ ይናገራሉ። ኤፍራታ፣ አንጾኪያ እና ኤፌሶን (የአጣዬ ሌላ ስሟ ነው) ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጡ ናቸው። ጅሌና አርጡማ የኦሮሞ ጎሳዎች ስም ነው። ይፋት የሙስሊም ሱልጣኔት ስም ነው። እነዚህ ሁሉ በእግር በሚያስኬድ ርቀት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ይህ መሬት የማን ነው» ብሎ ታሪክ የሚጠቅስ ሰው እዚህ አገር ማስረጃ አያጣም፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ ተከራካሪው ሁሉ ማስረጃ አለው።

የይፋት ሱልጣኔት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር ተነሣ። ወላስማዎች እ.ኤ.አ. በ1285 ከእነርሱ በፊት የነበረውን ሌላ የሙስሊም መንግሥት አፍርሰው ግዛቱን ያዙ። ያ የፈረሰው መንግሥት በታሪክ የሚታወቀው የሸዋ ሱልጣኔት ተብሎ ነው። ዛሬ «ሸዋ» የሚለውን ስም ለአንድ ወገን ብቻ ሰጥተው፣ አንዱ ለመኩራሪያ ሌላው ለመስደቢያ የሚጠቀሙበት ሰዎች፣ ስሙ ቀድሞ የማን መንግሥት መጠሪያ ሆኖ እንደተመዘገበ ቢመለከቱ ክርክራቸው ጥቂት ይለዝብ ነበር።

ቀይ ባሕርንና የመሐል አገሩን ደጋ የሚያገናኘው የንግድ መንገድ በይፋት በኩል ስለሚያልፍ ሱልጣኔቱ ሀብታም ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አረባዊው አል ዑመሪ በዚህ አካባቢ ከነበሩት የሙስሊም ግዛቶች መካከል ይፋትን በዋናነት ያነሣታል። ከደጋው ንጉሥ ከዓፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተደረገው ጦርነትም በንጉሡ ዜና መዋዕል ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። እዚያው ላይ የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደፎከረ ተጽፏል። በኢትዮጵያ የጽሑፍ ታሪክ ስለ ጫት ከሚናገሩት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ይህ የጦርነት ፉከራ ነው። ሰብረዲን ተሸነፈ፤ ጫቱ ግን ከጦርነቱ ተርፎ ዛሬም ይሸጣል።

የሱልጣኔቱ ቅሪት አሁንም ቆላው ውስጥ አለ። ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ ኖራ የሚባል የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኖራንና በአካባቢው ያሉ ሌሎች ፍርስራሾችን፣ ከእነርሱም ጋር የወላስማ መሪዎች የተቀበሩበትን ቦታ አጥንተዋል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የኦሮሞ ጎሳዎች ወደ ቆላው ገብተው ሰፈሩ፤ የደጋው ሰው ወረደ፤ የቆላው ሰው ወጣ፤ አርጎባው ገደሉን ይዞ ነገደ፣ ሸመነ። ቋንቋ ተወረሰ። ዛሬ አርጎባ ሆነው አማርኛ ብቻ ወይም አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ ብዙ ናቸው።

አሁን ስለ አስተዳደር። የሸዋ ነገሥታት ይህን ቆላ እንዴት ይገዙት እንደነበር የሚያሳይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሻለቃ ሃሪስ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የሸዋ በር ላይ ሲደርስ የተቀበለው ወላስማ መሐመድ የሚባል ገዥ ነው። ክርስቲያኑ ንጉሥ ቆላውን በሙስሊም ገዥ ያስተዳድር ነበር፤ ገዥው ደግሞ የጥንቱን የይፋት ሥርወ መንግሥት ስም የያዘ ነው። ወላስማው ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴውን በር ይጠብቃል። ከዚያም በላይ የጎንቾ እስር ቤት ቁልፍ በእርሱ እጅ ነበር፤ ዙፋን ይመኛሉ ተብለው የሚፈሩ የንጉሡ ዘመዶች የሚታሰሩበት ማለት ነው። ንጉሡ የገዛ ሥጋ ዘመዱን በሃይማኖት ለማይመስለው ለቆላው ሰው አደራ ይሰጣል።

ይህ ዝግጅት ፍትሐዊ ነበር ማለት አይደለም። ገባሩ ገባር ነው፤ ቆላው የባሪያ ንግድ መተላለፊያም ነበር። ነገር ግን ወሰኑ በመስመር ሳይሆን በሰው ይጠበቅ እንደነበር ያሳያል። ደጋና ቆላውን የሚያገናኝ፣ ሁለቱም ወገን የሚያውቀው፣ ሲያጠፋ የሚጠየቅ አንድ ሰው ነበረ። በኋላ ዘመን አውራጃ ገዥ መጣ፤ ከዚያ የደርግ ዋና አስተዳዳሪ መጣ። ማዕከላዊው መንግሥት እየጠበቀ ሲሄድ ቆላውን የሚገዛው ከቆላው የማይወለድ ሹም ሆነ። ፍርድ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በአማርኛ ብቻ ነበር። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያውቅ የጥሙጋ ገበሬ ለመሬቱ ሲከራከር በአስተርጓሚ ይከራከራል፤ የአስተርጓሚው ዋጋም እንዳለ ነው። የ1983ቱ ለውጥ ሲመጣ «በቋንቋችን እንዳኝ» የሚለው ጥያቄ ከአየር የመጣ ጥያቄ አልነበረም። ይህን የሚክድ ሰው ከዚያ ወዲህ የሆነውንም መረዳት አይችልም።

*

በ1983 ዓ.ም. ክረምት የሽግግር መንግሥቱ ቻርተር ወጣ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 1984፣ አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ከፋፈለ። የቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት በአንድ ክልል ሥር አልቀረም። አካሉ ለአማራ፣ ለኦሮሚያ፣ ለደቡብና ለአዲስ አበባ ተከፋፈለ። ችኮላው ምን ያህል እንደነበር አንድ ነገር ብቻ ያሳያል፦ እስከ ዛሬ ሁለት «ሰሜን ሸዋ» ዞኖች አሉን። አንዱ ደብረ ብርሃንን ማዕከሉ ያደረገ የአማራ ክልል ዞን ነው፤ ሌላው ፊቼን ማዕከሉ ያደረገ የኦሮሚያ ዞን ነው። የዜና ሰዎች ሰሜን ሸዋ ብለው ሲጽፉ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ልማድ ሆኗል።

የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ አብዛኛው ለክልል 3፣ ማለትም ለአማራ ክልል ደረሰ። ቆላውን ተከትሎ እስከ ባቲ የሚዘልቀው፣ አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት አካባቢ ግን ከኦሮሚያ ጋር አይዋሰንም፤ በምሥራቅ አፋር፣ በቀረው አቅጣጫ አማራ ክልል ከብቦታል። ስለዚህ ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ በአማራ ክልል ውስጥ ተዋቀረ። የጥቅምት 1987 የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ዞኑ ለብቻው ተቆጥሯል። በ1999ኙ ቆጠራ ከ4 መቶ 50 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ልጆች በአፋን ኦሮሞ መማር ጀመሩ፤ የመንግሥት ሥራም በዚያው ቋንቋ ሆነ። የ1994ቱ የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ ለኦሮሞ፣ ለአዊና ለኽምራ ሕዝቦች የራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት እንዲኖራቸው አጸና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። በአማራ ክልል ተራ ዞን፣ ሰሜን ሸዋን ጨምሮ፣ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። የክልሉ መንግሥት ክንድ ነው፤ አስተዳዳሪውም ከባሕር ዳር ይሾማል። የብሔረሰብ አስተዳደሩ ግን በሕገ መንግሥት የታወቀ ምክር ቤት አለው። ስለዚህ ጅሌ ጥሙጋና ኤፍራታና ግድም በአንድ የግጦሽ መሬት ሲጣሉ የሚጋጩት ሁለት እኩል አካላት አልነበሩም። በአንደኛው ወገን ለአንድ ብሔረሰብ የቆመ ምክር ቤት አለ። በሌላኛው ወገን ተሿሚ አለ። የአጣዬ ሰው «ለእኛ ማን ይናገርልን» ሲል ይህን ማለቱ ነው። የሰንበቴ ሰው ደግሞ በተራው ምክር ቤት ቢኖረኝም የክልሉ ፖሊስም፣ በጀቱም፣ የበላይ ፍርድ ቤቱም በባሕር ዳር እጅ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ወሰኑ ሲሠመር ደግሞ በሁለቱም በኩል የተረፈ ሰው ነበር። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ውስጥ የሚኖር ኦሮሞ አለ፤ በብሔረሰብ አስተዳደሩ ውስጥ የሚኖር አማራ አለ። አማርኛ የሚናገር የይፋት ሙስሊም አለ፤ ለዘመናት ሰው በሃይማኖቱ ሲጠራው ኖሮ በድንገት ብሔሩን እንዲናገር ተጠየቀ። ከሁለቱም የተወለደ አለ። ቀበሌ መታወቂያው ላይ ግን ብሔር የሚሞላበት ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ፓርቲዎቹ። የአማራ ክልል በጥር 1984 ሲፈጠር የሚያስተዳድረው ድርጅት «አማራ» የሚል ስም አልነበረውም። ኢሕዴን ይባል ነበር፤ በኅዳር 1973 ከኢሕአፓ በተለዩ ታጋዮች የተመሠረተ፣ ራሱን ኅብረ ብሔራዊ ብሎ የሚጠራ ድርጅት ነው። ብአዴን የሆነው በጥር 1986 ነው። ክልሉ ቀደመ፤ የክልሉ ስም ያለው ፓርቲ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ። ኦሕዴድ ደግሞ በመጋቢት 1982 በሰላሌ፣ ደራ ውስጥ ተመሥርቷል። ሁለቱም በኢሕአዴግ ጣሪያ ሥር ገቡ። የወሰኑ መስመር ሲሠመር በተቃዋሚነት ድምፁን ያሰማው ወገን ብዙም አልተደመጠም። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን የመሠረቱት ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስ ከታሰሩባቸው ክሶች አንዱ በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ኦነግም በሰኔ 1984ቱ ምርጫ ዋዜማ ከሽግግር መንግሥቱ ወጥቶ ጫካ ገባ። ከዚያ በኋላ ይፋትም ጥሙጋም የአንድ ግንባር ግዛት ሆኑ።

ለሁለት አሥርት ዓመታት ተኩል ወሰኑን የጠበቀው ይህ ግንባር ነው። ሕግ አልነበረም የጠበቀው። የግጦሽ ጠብ ሲነሣ፣ በግ ሲሰረቅ፣ ሰው ሲገደል ነገሩ በመጨረሻ የሚቆመው የፓርቲ ሰዎች በር ዘግተው በሚያደርጉት ግምገማ ላይ ነበር። አንዱ ካድሬ «ትምክህተኛ» ተብሎ ይነሣል፤ ሌላው «ጠባብ» ተብሎ ይነሣል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደም ያደርቃሉ፤ በሬ ይታረዳል። አፈናው እንዳለ ሆኖ መንገዱ ክፍት ነበር። የሰንበቴ የእሑድ ገበያም አልተቋረጠም። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በየሳምንቱ እሑድ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ከተማይቱም ሰንበቴ የተባለችው በእሑድ ነው። በከሚሴ በኩል ባለው የጨፋ ረግረግም አፋሩና ኦሮሞው በበጋ ከብቱን ያሰማራል፤ በዚህ ሣር ላይ ጠብ ያልነበረበት ዘመን የለም። ልዩነቱ ከ1984 በኋላ እያንዳንዱ ጠብ ባለቤት ዞን ማግኘቱ ነው። ሁለት እረኞች ሲጣሉ ሁለት ሚሊሻ ይሰለፋል።

እንዲህ ያለ አሠራር አንድ ጉድለት አለው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በፓርቲው ዲሲፕሊን ላይ ነው። ከ2008 ጀምሮ ተቃውሞ ኢሕአዴግን ሲያናጋው፣ ከ2010 በኋላም አባል ድርጅቶቹ እርስ በርስ መተማመን ሲያቆሙ፣ በር ዘግቶ የሚገመግም ሰው ጠፋ። ወሰኑ ግን ባለበት ቆሞ ነበር። በሰኔ 2010 አብን በባሕር ዳር ተመሠረተ፤ ብአዴን በመስከረም 2011 አዴፓ ሆነ፤ በዚያው ወቅት ኦሕዴድም ኦዴፓ ተባለ። በሁለቱም በኩል ያለው ፖለቲከኛ «የእኔን ወገን አላስነካም» በማለት መወዳደር ነበረበት። የክልል ልዩ ኃይሎችም በዚሁ ጊዜ እየገዘፉ መጡ።

በመጋቢት 2011 መጨረሻ አጣዬ፣ ማጀቴና ከሚሴ አካባቢ ከባድ ግጭት ተነሣ። ሰው ሞተ፤ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ተዘጋ። ብዙ ሰው አልፎ የሚሄድ ነገር መስሎት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2013፣ እንደገና ከአጣዬና ከጅሌ ጥሙጋ ተነሣ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በዚያ ወር ብቻ በሁለቱ ዞኖች ከ300 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። በሚያዝያ መጀመሪያ ሦስተኛ ዙር መጣ፤ አጣዬ ተቃጠለች፤ እሳቱ ወደ ጀውሃና ሸዋ ሮቢትም ደረሰ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ሚያዝያ 10 ቀን ሁለቱ ዞኖችና ደቡብ ወሎ በኮማንድ ፖስት ሥር ገቡ። በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከተሞች ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ።

ያን ጊዜ የተነገሩትን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። የአማራ ክልል ባለሥልጣናት ጥቃቱን የፈጸመው መንግሥት «ሸኔ» የሚለው ታጣቂ ቡድን ነው አሉ፤ ቡድኑ አስተባበለ። በብሔረሰብ አስተዳደሩ በኩል ያሉ ነዋሪዎችና ሹሞች ደግሞ የአማራ ልዩ ኃይል ሰላማዊ ሰው ገደለብን አሉ። በዚያን ጊዜ አዴፓም ኦዴፓም አልነበሩም፤ ከ2012 ጀምሮ ሁለቱም ብልጽግና ፓርቲ ሆነዋል። የሁለቱ ዞኖች አስተዳዳሪዎች የአንድ ፓርቲ አባላት፣ የአንድ ክልል መንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ ሌላውን ገዳይ ብሎ በየሚዲያው ሲከስ ግን ነገሩን ወደ አንድ ጠረጴዛ የሚያመጣ አካል አልታየም። ሦስት አሥርት ዓመት ሙሉ «ልዩነታችን በፓርቲ መዋቅር ይፈታል» ሲባል ኖሮ፣ መዋቅሩ አንድ በሆነበት ዓመት ከተማ ተቃጠለ።

ሕጉስ? የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 48 በክልሎች መካከል የወሰን ክርክር ሲነሣ ክልሎቹ እንዲስማሙ፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን ይላል። አንቀጽ 46 ደግሞ ክልሎች በምን እንደሚዋቀሩ ይዘረዝራል፦ አሰፋፈር፣ ቋንቋ፣ ማንነት፣ የሕዝብ ፈቃድ። እነዚህ ሁሉ ስለ ክልል የተጻፉ ናቸው። ጅሌ ጥሙጋና ኤፍራታና ግድም ግን የሁለት ክልል ወረዳዎች አይደሉም። በአንድ ክልል ውስጥ ያለ የዞን ወሰን በሕጉ ዓይን የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ የሚዳኘውም ክልሉ ራሱ ነው። ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንደኛው ዳኛውን እንደ ተከራካሪ ያየዋል። በ2011 በአዋጅ የተቋቋመውና 41 አባላት የነበሩት የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽንም ለዚህ አካባቢ የሚሆን መፍትሔ ይዞ አልመጣም።

ሌላ አገር ይህ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ሕንድ ክልሎቿን በቋንቋ ለማዋቀር ስትወስን እ.ኤ.አ. በ1953 ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመች። ኮሚሽኑ ለሁለት ዓመት ያህል አገሩን ዞሮ፣ ከ1 መቶ 50 ሺህ በላይ ማመልከቻና ሰነድ ተቀብሎ ሪፖርቱን አቀረበ፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። ያ ሁሉ ተደርጎም የቤልጋም ከተማ በካርናታካና በማሃራሽትራ መካከል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልዩነቱ ክርክሩ ፍርድ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። የእኛው መስመር በወራት ተሠምሮ በሥራ ላይ ሲውል የጥሙጋን ገበሬም የቀወትን ገበሬም የጠየቀ ኮሚሽን አልነበረም። ቅሬታ ያለው ሰውም እስከ ዛሬ የት እንደሚያመለክት አያውቅም።

ከ2013 በኋላ ያለውን ለመዘርዘር ቦታ አይበቃም። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2014 የሕወሓት ኃይሎች ከሸኔ ታጣቂዎች ጋር በዚሁ መንገድ ወርደው ከሚሴን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን ያዙ። መንግሥት ሸዋ ሮቢትን ማስለቀቁን ያስታወቀው በኅዳር ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ጥቃቱ በጣርማ በር ደጃፍ ሲቆም የቆላው ሰው በጥርጣሬ ተከፋፍሎ ነበር፤ ማን መንገድ መራ፣ ማን ቤት አሳየ የሚለው ክስ ከጦርነቱ በኋላ ከርሟል። በ2014 ክረምት የሸዋ ሮቢት ከንቲባ በጥይት ተገደሉ። በጥር 2015 አጣዬና ጅሌ ጥሙጋ እንደገና ተታኮሱ። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን በወሰኑ ላይ የቆመው አንደኛው ታጣቂ በስም ቀረ፤ ጠመንጃው ግን ወደ ፋኖና ወደ ሚሊሻ ተበተነ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አካባቢው በሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ የሚሄድ ሹፌር በየኬላው የሚያገኘው ታጣቂ የማን እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ግድ ሆኖበታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሸዋ ሮቢት የምታመርተውን ማምረት አላቆመችም። ከሮቢ ወንዝ በመስኖ የሚወጣው ሽንኩርት፣ ማሾው፣ ማሽላው በተከፈተ ቀን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከተማዋን በአገር ደረጃ ያስጠራት ግን ሰብል አይደለም፤ የፌዴራሉ ማረሚያ ቤት ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሲቃጠል እስረኞች ተጭነው የመጡት ወደዚህ ነበር፤ በኋላም ብዙዎቹ በዚህ የደረሰባቸውን ድብደባ ፍርድ ቤት ቀርበው ተናግረዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚፈራቸውን ዘመዶቹን ወደ ይፋት ቆላ ይልክ እንደነበር ያነበበ ሰው በዚህ አይገረምም። ማዕከሉ ይፋትን የሚያስታውስባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ፤ ሰው ማሰር ሲፈልግና መንገዱ ሲዘጋ።

ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ግን አላስታወሳትም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድ ሸዋ ሮቢትን፣ ኤፌሶንን፣ ማጀቴንና አርጎባን ጨምሮ በዚህ አካባቢ ያሉ የምርጫ ክልሎች በጸጥታ ምክንያት ድምፅ አልሰጡም። በመስከረም 2014 በሶማሌ፣ በሐረሪና በደቡብ ቀሪ ምርጫ ተደረገ፤ ወደዚህ አልመጣም። ሰኔ 16 ቀን 2016 በአፋር፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በሶማሌና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሌላ ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ተካሄደ፤ አሁንም ወደዚህ አልመጣም። ስለ አጣዬ ቃጠሎ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ልዩ ኃይል መፍረስ፣ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲነገር፣ የሸዋ ሮቢት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።